ዝንቡ ያረፈበት ገጽ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል። ጠዋት ስወጣ ማታ ስገባ ያየኛል እንጂ በመሃል የት ውዬ ምን እንደምሠራ የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረኝም። አንዷ አስተማሪ እመስላት ነበር፣ ሌላዋ የሒሳብ ሠራተኛ። የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌማ «ጌታ ሆይ፣ በመጻሕፍት መጋዘን የምታገለግለውን እህታችንን አስቴርን ጠብቃት» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ጸለዩልኝ። አላረምኳቸውም፤ ጸሎት ጸሎት ነው።

ሥራዬ እንስሳት የሚናገሩባቸው የሥዕል ታሪኮች መጻፍ ነበር። ጅብ ጠበቃ ሆኖ ይከራከራል፣ ዝንጀሮ ወንበር ይዞ ይፈርዳል፤ ሠዓሊው ገጹን በሣጥን በሣጥን ከፍሎ ይሥለዋል፣ እኔ ደግሞ የሚናገሩትን እጽፋለሁ። ለትልልቅ ሰዎች ይህን ሳስረዳ «ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?» ይሉኛል። ይከፈል ነበር፤ የሚያወፍር አልነበረም እንጂ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ሠዓሊ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። በጣቷ የታብሌት መስታወት ላይ የምትሥል፣ እጇን ቀለም ነክቶት የማያውቅ ጎበዝ ልጅ ናት። ሻይ ቀድቼላት ገና ሳልቀመጥ «እትዬ፣ በእንስሳት ታሪክ ውስጥ የሚበልጠው ሥዕሉ ነው ወይስ ታሪኩ?» አለችኝ። ቁጣዬ መጣ። ልጅቱ ምን አጠፋች? ምንም። ግን በዚያ ጥያቄ ምክንያት አንድ ሰው ከእጃችን ሊወጣ ሲል አይቻለሁና ጥያቄው እንደ ቀልድ ሲነሳ አልወድም። «ጠጪ፣ ይበርድብሻል» ብያት ወሬ ለወጥኩ። ከሄደች በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻላል።

ሥራ የጀመርኩት ወላይታ ውስጥ ዲምቱ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ አስተማሪ ሆኜ። ከሰሌዳውና ከጠመኔው በስተቀር ምንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ እኔን ትተው መስኮት ሲያዩ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን በንዴት ሰሌዳው ላይ ጉሬዛ ሣልኩ። ሥዕሌ መጥፎ ነው፤ ጉሬዛዬ ብርድ ልብስ የለበሰች አሮጊት ይመስል ነበር። ልጆቹ ግን ዞሩ። ያን ቀን «ጉሬዛው ምን አለ?» እያልኩ ሙሉ ትምህርቱን አስተማርኩ። ከዚያ ወደ አረካ ተዛወርኩ። እዚያ የነበሩት ርዕሰ መምህር «ጠመኔ የተሰጠሽ ለፊደል ነው፣ ለጦጣ አይደለም» ብለው ከለከሉኝ። ታዝዤ ኖርኩ፤ ማታ ማታ እቤቴ ግን የእንስሳት ወሬ መጻፌን አልተውኩም።

ደርግ ወድቆ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ከተባለ በኋላ የሚነበብ ነገር ጠፋ። በወላይትኛ ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ ከየት ይምጣ? ሶዶ ላይ ይህን የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ክፍል ተቋቋመ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉበት። ጽሑፎቼን አያይዤ አመለከትኩ፣ ተቀበሉኝ። መጽሐፎቻችን በወላይትኛ ነበሩ፤ እኛም እርስ በርስ የምንጨቃጨቀው በብዛት በወላይትኛ ነው። እዚህ ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

አርታኢያችን ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲያነቡ የማይቀመጡ ሰው። ገጹን ይዘው ዳሞታ ተራራ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ ይቆማሉ። ኪሳቸው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ አንድ ብጣሽ ነበራቸው። መጀመሪያ በእሱ ጽሑፉን ይሸፍኑና ሥዕሉን ብቻ ያያሉ፤ ቀጥለው ሥዕሉን ይሸፍኑና ጽሑፉን ብቻ ያነባሉ። ከዚያ እያንዳንዷን ሣጥን በጣታቸው እየነኩ «ከዚያስ?» ይላሉ። ለ«ከዚያስ» መልስ ያጣ ሣጥን ይመለሳል። ሙገሳ አያውቁም። በጣም ደስ ካላቸው ካርቶኗን ዝም ብለው ወደ ኪሳቸው ይከታሉ፤ እኛም ያን ቀን ምሳ ይጣፍጠናል። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ይደባለቅባቸው ነበር፤ በር ላይ ቆመው «አስቴር መጣ?» ብለው ሲጠይቁ እኔው ራሴ «መጣ፣ ጋሼ» እያልኩ እመልሳለሁ።

«አንድ ልጅ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያነብ አንቺ አጠገቡ የለሽም» ይሉኝ ነበር። «አንቺ የሌለሽበት ቦታ ላይ መጽሐፉ ራሱ መናገር አለበት።» ስለዚህ ልጆች ፊት ቀርቦ ያልተፈተነ መጽሐፍ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ይህን ሕጋቸውን አለቆች አይወዱትም፤ ጊዜ ይበላል።

ዘካርያስ የመጣው በኋላ ነው። የሁምቦ ልጅ ነበር፤ አባቱ ከወረዳው ከተማ ከተበላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ከብት የሚያረቡ የታወቁ ገበሬ ናቸው። መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ በመሃል ጥሎ ወጥቷል፤ አባቱም «ሥዕል የሥራ ፈት ሥራ ነው። ሲደክምህ ና፣ ሞፈሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል» ብለውታል። የተቀጠረው በኮንትራት ሲሆን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሠርቶ ከታተመለት ቋሚ ይሆናል፣ ካልታተመለት ሰኔ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ሞፈሩም ግድግዳው ላይ ነው።

እንዴት ይሥል ነበር! የበሬ ጅራት ጫፍ ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ነስሩ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ቻይና ቀለም የሚባለውን ጥቁር ቀለም ገዝቶ ይመጣና ብዕሩን በምላጭ እየሞረደ ፀጉር በፀጉር ያወርደዋል። ስቆጣ «እትዬ፣ ከብት ያላየ ሰው ነው የሚቸኩለው» ይለኛል። ወድጄው ነበር። ታናሽ ወንድም ስለሌለኝ ይሁን አላውቅም፣ ሲስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የተሰጠን መጽሐፍ ዳልቻ ስለሚባል በሬ ነው። እንደሚታወቀው በጊፋታ፣ በእኛ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ በሬ ገዝቶ ያርዳል። ዳልቻ ዓመት በዓሉ ዋዜማ ላይ ተራው የእሱ መሆኑን ይሰማል። ጅብ አጥሩ ሥር መጥቶ «ዳሞታ ላይ የእንስሳት ሸንጎ አለ፤ እኔ ጠበቃህ ልሁን» ይለዋል። በሬውን ጅብ ሊያድነው! ልጆች እዚህ ላይ እንዲስቁ ነው የጻፍኩት። ዳልቻ ተራራውን ይወጣል፣ ዝንጀሮ ይዳኛል፣ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ይከራከራል፣ በመጨረሻም «ያረሰ በሬ አይታረድ» ተብሎ ይፈረድለታል። ኩራቴ ነበር ያ ታሪክ።

አምስተኛው ገጽ ላይ አራት ሣጥን ነበር ያዘዝኩት። ጅቡ ይመጣል፣ በሬው ይደነግጣል፣ ጅቡ ይናገራል፣ በሬው ልመነው አልመነው ብሎ ያስባል። ዘካርያስ ሰባት ቀን ያህል ጠፍቶብን ከረመና አንድ ሣጥን ብቻ ይዞ መጣ። ገጹን ሞልቶ የተሣለ አንድ የበሬ ዐይን።

ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ሁላችንም ከበብነው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይታያል። በብሌኑ ውስጥ፣ በጥቁሩ ላይ፣ አጥሩና ጅቡ ትንንሽ ሆነው አሉ። በዐይኑ ጥግ አንድ ዝንብ አርፏል፤ ክንፉ ላይ ያሉት ጅማቶች ሳይቀሩ ተሥለዋል። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ዝንቡን ላባርር ነበር። ሥዕል እንዲህ ሲያደርገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ አንጁሎ ካርቶናቸውን አወጡ፤ የሚሸፈን ጽሑፍ ግን አልነበረም። መስኮቱ ጋ ቆሙና «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ ምን?» አለ ዘካርያስ። «ይታያል እኮ፣ ጋሼ!»

«ማየትማ አየሁ። በሬው ምን ወሰነ?»

«ዐይኑ ላይ አለ።»

«እኔ አላገኘሁትም።»

ዘካርያስ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ በመሃል ገብቼ ምን ልበል? ሥዕሉ አፌን ዘግቶኛል፣ ታሪኬ ግን እዚያ ገጽ ላይ እንደቆመ ይታወቀኛል።

ነገሩን ያባባሱት አለቃችን አቶ መስፍን ናቸው። ሥዕሉን አይተው እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ከላይ ከሚኒስቴር ለመጡ እንግዶች ቢሮ ለቢሮ ይዘውት ዞሩ፣ እንግዶቹም አደነቁ። ተመልሰው «ይህ ሽፋኑም ይሁን! በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ማተሚያ ቤት ይግባ፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው» አሉ።

«ልጆች አላዩትም» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ሚኒስትር የሚያደንቀውን ሥዕል የሁምቦ ልጅ ምን ሊልበት ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ለዚህ ነው የምሄደው።»

የበጀት ዓመቱ ብቻ አይደለም፣ ትምህርት ቤቶችም ሊዘጉ ነበር። ጋሽ አንጁሎ እሺታ ሳይጠብቁ በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ተገኙ፤ ዘካርያስና እኔም ተከተልን። ተበላ ስንደርስ ሙቀቱ ገና በጠዋት ያንገበግብ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ገባን። ጋሽ አንጁሎ ጽሑፉን በካርቶናቸው እየሸፈኑ ሥዕሉን ብቻ ለልጆቹ ያሳያሉ፣ ልጆቹ ታሪኩን ይነግሯቸዋል። እስከ አራተኛው ገጽ ድረስ ነፍሳቸው እስኪወጣ ሳቁ። ጅቡ ሲመጣ አንዱ ልጅ ተነስቶ እንደ ጅብ እያነከሰ ክፍሉን ዞረው።

አምስተኛው ገጽ ተገለጠ። አንገታቸውን ወደ ገጹ አሰገጉ።

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ታረደ» አለ ያ እንደ ጅብ ያነከሰው ልጅ።

ሌሎቹም ተስማሙ፤ አንድም የተከራከረ የለም። ስድስተኛው ገጽ ላይ ዳልቻ ተራራ ሲወጣ «ይሄ ሌላ በሬ ነው» አሉ። ጋሽ አንጁሎ «ያው ነው» ሲሏቸው ግራ ተጋቡ። አንዷ «መንፈሱ ነው» አለች፤ ሌላው «ጅቡ በልቶት ሆዱ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራው» አለ። ሸንጎው፣ ክርክሩ፣ ፍርዱ፣ እነዚያ ስንት ቀን ሳሰላስል የከረምኩባቸው ቀልዶች ሁሉ ውኃ በላቸው። ከፊት የተቀመጠች ምሕረት የምትባል ልጅ አምስተኛውን ገጽ መልሳ ገልጣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር።

ዘካርያስ ክንዴን ያዘኝ። «አየሽ? እያለቀሰች ነው! ከመቼ ወዲህ ነው መጽሐፋችን ሰው ያስለቀሰ?»

«በኔ ታሪክ አይደለም የምታለቅሰው» አልኩት።

ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ልጆቹን «መታረዱን በምን አወቃችሁ?» አሏቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝንቡን ጠቆሙ። ያ ቀልደኛ ልጅ እንደ ሞኝ እያየን አስረዳን፦ ዝንቡ እግሩን ዐይኑ ውስጥ ነክሯል፤ በሕይወት ያለ በሬ ዝንብ እንዲህ አያስቀምጥም፣ ጆሮውን ያርገበግባል፣ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። ደግሞስ አንገቱ የት አለ?

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ቢሮ ገብተን በሩ ሲዘጋ ጋሽ አንጁሎ «ዝንቡን ከየት አመጣኸው?» ብለው ጠየቁት።

«ነበረ።»

«የት?»

ዘካርያስ ቁጭ አለ። ከዚያ ተናገረ። ባለፈው ጊፋታ ከቤታቸው የታረደው የአባቱ በሬ ነው። እሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ አርሶበታል፣ አርጅቶ ነበር። ጭንቅላቱን እንሰት ቅጠል ላይ ለብቻው አስቀመጡት፤ ሰዉ ከወዲያ ማዶ ቁርጡን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀሰ ይበላል፣ ይጫወታል። እሱ ከጭንቅላቱ ፊት ተቀምጦ ሣለ። አባቱም «ሰው ይበላል፣ አንተ ትሥላለህ» ብለው ሳቁበት።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ በሬ ሥዬ አላውቅም» አለ። «ሁሉም እሱ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «የሚዋሸው ታሪክሽ ነው እትዬ። ያረሰ በሬ አይታረድ? ማን ነው የፈረደለት? የት አገር?»

እውነቱን ነው። «ተረት ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ጮኼ ስናገር ራሴን አልወደውም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ። «ልጆቹ ተራራውን እንዲወጡ ነው! እንዲስቁ ነው!»

«ይሳቁ! እኔን ግን ሰርዘው አትበይኝ። ይህን ገጽ ካወጣችሁ ሌላውንም ገጽ አልሰጥም።»

«አልሰጥም ካልክ መጽሐፍ የለም» አልኩት። «መጽሐፍ ከሌለ ደግሞ…»

«አውቃለሁ። ሞፈር መያዝ አልረሳሁም።»

ጋሽ አንጁሎ መስኮቱን እንጂ እኛን አያዩም። «ሥዕሉ አልዋሸም» አሉ ቀስ ብለው። «ታሪኩም አልዋሸም። ግን ሁለቱ በሬዎች አንድ በረት አያድሩም። ከሁለት አንዱ ይወጣል።»

«እንግዲያው የኔ ይውጣ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ዳልቻ አምስተኛው ገጽ ላይ እንዲሞት አድርጌ ታሪኩን እንደገና ጻፍኩ። አልሆነም። የሞተ በሬ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሲከራከር ቀልዱ ሁሉ ያስፈራል፤ ፍርዱም ከረፈደ በኋላ የመጣ ፍርድ ሆነ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ይህን ይዞ ብቻውን ይቀመጥ? ጋሽ አንጁሎ አንብበው ካርቶኗን ኪሳቸው አልከተቱም። አቶ መስፍን ደግሞ ጭራሽ «ሥዕሉም ይኑር፣ በሬውም ይዳን፣ ምን ያጣላችኋል? ልጆቹ ይለምዱታል» አሉ። ከዚህ ሰው ጋር መነጋገር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዘካርያስ ጠፋ። ገጾቹን በሙሉ ጠቅልሎ ይዞ ሄዷል። ኪራይ ቤቱ ሄድኩ፤ አከራይዋ «ወደ አገሩ» አሉኝ። አቶ መስፍን በሰሙ ጊዜ ጠረጴዛ መቱ፦ ዓርብ ከሰዓት ድረስ ማተሚያ ቤት ካልገባ የመጽሐፉ ገንዘብ ይመለሳል፣ የሠዓሊው ቦታም ይዘጋል። ልጁ በገዛ እጁ ራሱን ሲቀብር ቆሜ የማይ መሰለኝ፤ በእሱም በራሴም ተናደድኩ። ጋሽ አንጁሎ ግን ጠዋት ይመጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ዳሞታን የሸፈነውን ጉም ያያሉ።

«ጋሼ፣ ሰው ልከን እናስመጣው እንጂ!»

«መጥቶ ምን ያድርግ? እጁን ይዘን እንሣልለት?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየጣለ በሩ ተንኳኳ። ዘካርያስ ነበር፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጥቅሉ በላስቲክ ተሸፍኖ ብብቱ ሥር። ሰላም ሳይለን ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ዘረጋ።

አራት ሣጥን። በመጀመሪያው ዝንብ በዳልቻ ዐይን ጥግ ሊያርፍ ሲል ይታያል። በሁለተኛው ጆሮው ይርገበገባል፣ ዝንቡ ይበራል። በሦስተኛው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አጥሩ ሥር ያለውን ጅብ ያያል። በአራተኛው አንድ እግሩን ወደፊት ሰንዝሯል፣ ወገቡ ግን ገና ወደኋላ ይጎትተዋል፤ ሊያምን ፈልጎ ያላመነ ፍጥረት። በረት ውስጥ ሦስት ቀን ከአባቱ ከብቶች ጋር ተቀምጦ ነው ያገኘው።

ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ። ግን እጄን ዘርግቼ ዝንቡን ማባረር አላሰኘኝም። እሱም ፊቴን እያየ ስለነበር ገባው።

«አየሽ» አለ።

ጋሽ አንጁሎ አራቱን ሣጥን ነክተው ጨረሱ። «ከዚያስ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ካርቶኗን ኪሳቸው ከተቱ። ዘካርያስ ግን ገጹን ጠቅልሎ መልሶ ብብቱ ሥር አደረገው።

«አልሰጠሁም» አለ። «እነዚያው ልጆች ይዩት። ካላየሁ አልሰጥም።»

«ነገ ዓርብ ነው!» አልኩ። «ማተሚያ ቤቱ…»

«ሕጉ የማን ነው?» አለ ጋሽ አንጁሎን እያየ። «ልጅ ያላየው አይወጣም የሚሉት እሳቸው አይደሉም?»

ጋሽ አንጁሎ ሳቁ፤ በዚያ ሳምንት የሳቁት ያኔ ብቻ ነው። «ያዘኝ» አሉ። «አስቴር ነገ በጠዋት ይምጣ።»

ዓርብ ለካ ተበላ ገበያ ኖሯል። ሚኒባሱ ዶሮና ቃሪያ ጭኖ ሰው በሰው ላይ ሆኖ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ አሥር ጊዜ ሞትኩ። ክፍሉ ስንገባ ግማሹ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ገበያ ሄደዋል። የቀሩትን ጋሽ አንጁሎ ሰበሰቧቸው። ዘካርያስ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ልጆቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩት። አምስተኛው ገጽ ላይ «አባረረው!» ብለው ስለ ዝንቡ ጮሁ። «አትመነው! ጅብ ነው!» ብለው ዳልቻን መከሩት። ዳሞታ ላይ ጅቡ ምራቁን ሲውጥ አንዱ ከወንበሩ ወደቀ። ፍርዱ ሲሰጥ አጨበጨቡ። ጋሽ አንጁሎ «ከዚያስ» ማለት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ልጆቹ ይቀድሟቸው ነበር። ያ ሁሉ ሳቅ የኔ ታሪክ ሳቅ ነው፣ ልደሰት ይገባኝ ነበር። ዞሬ ዘካርያስን ሳየው ግን ፊቱ ጠቁሯል። ማንም ልጅ አምስተኛው ገጽ ላይ ሁለቴ አልቆመም። አይቶ፣ ገብቶት፣ ገልጦ አለፈ።

ስንወጣ ምሕረት ተከተለችን። ገበያ አልሄደችም ነበር። ዘካርያስ ፊት ቆማ አንገቷን ደፋች።

«ያኛው በሬ የት ሄደ?» አለችው።

«ታርዷል» አላት ዘካርያስ።

«እሱንማ አውቃለሁ። አልቅሼለታለሁ።» ቀና አለች። «የዛሬው የሚያየው ጅቡን ነው። ያኛው ግን እኔን ነበር የሚያየው።»

ዘካርያስ እጁን ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ዘረጋላት፤ እሷም ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ በአክብሮት ጨበጠችውና ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። እሱ እዚያው እንደቆመ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ። ያን ጊዜ ነው ልጆቹ አይተው ሲጨርሱ መልሶ ብብቱ ሥር የከተተውን ጥቅል አውጥቶ በሁለት እጁ የሰጠኝ።

«ውሰጂው፣ እትዬ። ይታተም» አለኝ። «ያኛውን ያየው አይቶታል።»

ተቀብዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። መንገድ ዳር መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ። ጋሽ አንጁሎ እኛን ላለማየት ወደ ገበያው ዞረው ቆመዋል። ከወዲያ ማዶ ረዳቱ «ሶዶ! ሶዶ!» እያለ ይጣራል፤ ሰዓቱ ሄዷል፣ ሦስታችንም ሮጥን።